ግቢ፣ ሆቴል ወይስ ኮምቦልቻ? በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምረቃ ቦታ ላይ ላልተስማሙ የደሴ ወላጆች

ምረቃ ሲቃረብ ደሴ ውስጥ የሚጠራ የወላጆች ስብሰባ አጀንዳው አንድ ነው፤ ቦታ መምረጥ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ስለ ቦታ የሚያወራ ሰው አይገኝም። ከፊት የተቀመጡ አባት «ልጄ አንዴ ነው የሚመረቀው» ይላሉ። ከኋላ ያሉ እናት «ገና ፈተናው ሳይመጣ ምኑ ነው የሚመረቀው?» ብለው ይመልሳሉ። ኮሚቴው ሆቴል ይላል፤ ርእሰ መምህሩ ግቢ ይላሉ፤ ልጆቹ በበኩላቸው ኮምቦልቻ ካልሆነ ፎቶው አያምርም ብለው ወስነው ጨርሰዋል። ከጅዳ የምትደውል አክስት ደግሞ «የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» ብላ ነገሩን ይበልጥ ታወሳስበዋለች።

ይህ መመሪያ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል የሚቆጠር ተማሪ ለሚያስመርቁ ትምህርት ቤቶች ወላጆች የተጻፈ ነው። እንደ ሆጤ እና መምህር አካለወልድ ባሉ ትልልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥያቄው በአብዛኛው በራሱ ይመለሳል፤ ያን ሁሉ ተማሪ ከነቤተሰቡ የሚይዝ የሆቴል አዳራሽ ከመፈለግ ሜዳው ይሻላል። ጭቅጭቁ የሚጠናው ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ሰማንያ ልጅ ባለበት ነው፤ ያኔ ሁሉም አማራጭ የሚቻል ይመስላልና።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚበጀው የራሱ ግቢ ነው፤ ያውም ጠዋት፣ ያውም ያለ ምሳ። ሆቴልም ሆነ ኮምቦልቻ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ያንንም በየቦታው እጠቅሳለሁ።

በቅድሚያ ሰው ይቆጠር

ስድሳ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት እንግዳ ቢፈቅድ 300 እንግዳ ይመጣል። ተመራቂዎቹ፣ መምህራኑና አስተናባሪዎቹ ሲጨመሩ ወደ 400 ይጠጋል። ለአንድ ልጅ ሁለት እንግዳ ብቻ ቢባል ግን 120 እንግዳ፣ በጠቅላላው 200 ሰው ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ድግስ ናቸው። 200 ሰው መካከለኛ የሆቴል አዳራሽ ያስተናግዳል፤ 400 ሲባል ምርጫው ወዲያው ይጠብባል። «የትኛው ሆቴል?» የሚለው ጥያቄ «ለአንድ ልጅ ስንት ሰው?» ከሚለው ቀድሞ ከተነሣ ስብሰባው ሁለት ጊዜ መጠራቱ አይቀርም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለት እንግዳ ብሎ መወሰን ቀላል አይደለም። አያት አለች። ልጁን ያሳደገች አክስት አለች። ከወረኢሉ ወይም ከአምባሰል ሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ አጎት አለ። ልጁ ጋዎን ለብሶ ከቤት ሲወጣ አይቶ ያልተጠራ ጎረቤት ቅሬታው ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ሁለት ካርድ ብቻ በደረሰው ቤት ውስጥ ባልና ሚስትም ይጋጫሉ፤ አባት የመሥሪያ ቤት አለቃቸውን ሊጠሩ ያስባሉ፣ እናት የልጁን አያት። በዚህ ጉዳይ እኔ ከእናት ጋር ነኝ። አለቃው ፎቶውን በስልክ ቢያዩት ይበቃቸዋል።

ጊዜውንም አብሮ ማስላት ይገባል። አንድ ተማሪ ስሙ ተጠርቶ፣ ወደ መድረክ ወጥቶ፣ ጨብጦና ፎቶ ተነሥቶ እስኪወርድ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል ብንል ለስድሳ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ነው። የቀረውን ሰዓት የሚወስደው ንግግር ነው። አዳራሽ በሰዓት የሚያከራይ ሆቴል ከመረጣችሁ የተናጋሪዎቹን ቁጥር መቀነስ ዋጋ መቀነስ ማለት ነው፤ ይህን ለክቡር እንግዳው የሚነግር ደፋር ሰው ግን ከወዲሁ ፈልጉ።

ቀኑ ብዙውን ነገር ይወስናል

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። የዚያ ዓመት ፈተና ወደ ጥቅምት 2015 ተገፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጡት እናት ሟርተኛ አይደሉም። ሰንጋ ተጥሎ፣ አዳራሽ ተይዞ የተመረቀ ልጅ ውጤቱ ባይሳካ «ያ ሁሉ ተደግሶ» የሚለውን ቃል መስከረም ላይ ብቻውን ይሸከማል።

ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ወላጆች «እንግዲያው ውጤቱ ይምጣና ይመረቁ» ይላሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ከስድሳው የሚመጡት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ የቀሩት ልጆች ከቤት አይወጡም፤ ወላጆቻቸውም እንዲሁ። ምረቃው አሥራ ሁለት ዓመት የተማረን ልጅ ለማመስገን ከሆነ ከውጤቱ መቅደም አለበት፤ ልክም ሊኖረው ይገባል። ፈተናው ሐምሌ መግቢያ ላይ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በሰኔ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ልጆቹ ለጥናት ሳይከተቱ ቢደረግ ይሻላል።

ሰኔ ሌላም ነገር አለው። ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ስለሚዘልቅ የኦርቶዶክሳውያን ሠርግ ይቀንሳል፤ አዳራሾች ከሠርግ ይተነፍሳሉ። በምትኩ አጸደ ሕፃናቱ፣ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው ሁሉም በዚያው ሰሞን ያስመርቃሉ። ዓርብ በጁምዓ ምክንያት አይሆንም፤ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ምክንያት አይሆንም። የአረፋ በዓል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ እሱንም ማየት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት የሚጠላው ሰው ጥቂት ነው።

ደሴ ደግሞ በጦሳ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቱ ሲቃረብ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከቀትር በኋላ ጉም፣ ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ መምጣቱ ለነዋሪው አዲስ አይደለም። ከጣሪያ ውጭ የሚደረግ ዝግጅት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ከ6 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ሐምሌ ውስጥ ከገባ ያለ ጣሪያ አይሞከርም።

የሁሉም ጭቅጭቅ ሥር፣ ምግቡ

የደሴና የኮምቦልቻ ድግስ ከሌላው አገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከተመራቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን በሆኑበት ክፍል ውስጥ ሥጋ ይቅረብ ከተባለ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ያስፈልጋል። ይህ ለወሎ ሰው ችግር ሆኖ አያውቅም። ቤቱ ሲደግስ ለሙስሊሙ የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ዕቃውም ለብቻ ይቀመጣል፤ ሁሉም በአንድ ድንኳን ሥር ተደስቶ ይወጣል። ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽም ሁለቱም ወገን ግብር ይበላ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ችግሩ የሚመጣው ጉዳዩ ከጎረቤት እጅ ወጥቶ ለድርጅት ሲሰጥ ነው። ሆቴሉ ሁለቱን እርድ ማቅረብ ይችላል ወይ? ወጥ ቤቱ፣ ጭልፋው፣ መጥበሻው ይለያል ወይ? «አብሽሩ፣ እናስተካክላለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ከኮሚቴው አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን እናት ሄደው ወጥ ቤቱን በዓይናቸው አይተው ይመለሱ።

በሰኔ ጾም ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚጾሙት ክርስቲያኖች ለብቻ የጾም ምግብ ስለሚፈልጉ ማዕዱ ሦስት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ለምን ለሁሉም የጾም ምግብ አናደርገውም?» የሚሉት። አንድ ድስት፣ አንድ ዋጋ፣ ሁሉም የሚበላው። «ምረቃ ላይ ሽሮ?» ብለው የሚቆጡ አባቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ለእነሱ የምሰጠው መልስ ሥጋውን ማታ በቤታቸው ይብሉ የሚል ነው።

ከዚህም የቀለለ አለ። ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ውኃና ቡና አቅርቦ እንግዳውን ከ6 ሰዓት በፊት መሸኘት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙና እንደ ሃይማኖቱ በቤቱ ይደግሳል፤ አያትና ጎረቤትም ያለ ካርድ ይገባሉ። ይህን ከተስማማችሁ ከቦታ ጭቅጭቁ አብዛኛው ይወድቃል፤ ሆቴል የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ምሳው ነውና።

መጠጥን በተመለከተ አጭር ነው፤ የተማሪ ምረቃ ላይ ለስላሳ ብቻ። ሆቴል ከሆነ ይህ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ አለበለዚያ አስተናጋጁ ለአባቶች ጠረጴዛ ቢራ አቅርቦ ሒሳቡን ለኮሚቴው ያመጣል።

የትምህርት ቤቱ ግቢ

ኪራይ የለውም፤ ሰው አይገድብም፤ መምህራኑ፣ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ሳይጠሩ አብረው ይደሰታሉ። አያት በባጃጅ በር ድረስ ትደርሳለች። ለልጆቹም ቢሆን የመጨረሻው ፎቶ ከተማሩበት ክፍል ፊት ለፊት መሆኑ አሁን ባይታያቸውም ኋላ ይገባቸዋል።

ወጪው በድንኳን፣ በወንበር፣ በድምፅ ማጉያና በመድረክ ላይ ነው። ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩ ሰዎች በከተማው አሉ፤ ከሰፈር ቅሬ (እድር) መዋስም ይቻላል። የቅሬ ድንኳን ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ያስነሣል። «የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ልጄ አይመረቅም» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ይህን በሳቅ ማለፍ ጥሩ አይደለም። ድንኳኑን ከአከራይ፣ አግዳሚ ወንበሩንና ዕቃውን ከቅሬ ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ጉድለቱም መታወቅ አለበት። የደሴ ግቢዎች ብዙዎቹ ተዳፋት ናቸው፤ ከዘነበ ጭቃው ጋዎን ጫፍ ላይ ይወጣል። ለ400 ሰው የተማሪ መጸዳጃ ቤት ሊበቃ አይችልምና ቢያንስ ሁለቱ ቀድመው ታጥበው፣ ውኃ ተሞልቶላቸው ለእንግዳ ይለዩ። መብራት ቢጠፋ ድምፅ ማጉያው ይቆማል፤ ጀነሬተር ለአንድ ጠዋት መከራየት ያዋጣል። ንፋሱም ማይክሮፎኑን ያስጮኸዋል፤ መድረኩን ግድግዳን ተደግፎ መሥራት ይረዳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው የሚለው ደግሞ የግቢው ትልቁ ዋጋ ነው። ሆቴል የሚመርጡ ወላጆች የሚሸሹት ጭቃውን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ አይፈረድባቸውም። ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አሥር የሚሠሩ ሰዎች ስማቸውን ካላስመዘገቡ ግቢን አትምረጡ።

ደሴ ውስጥ ሆቴል

ሆቴል የሚሸጠው ጣሪያ፣ ወንበር፣ መጸዳጃ ቤትና የወላጅን እጅ ማሳረፍ ነው። ዝግጅቱ ሐምሌ ላይ ከዋለ፣ እንግዳው ከ200 ካልበለጠና ወላጆቹ ሥራ የሚበዛባቸው ከሆኑ ተገቢ ምርጫ ነው።

ሒሳቡ ግን በሰው ነው። በሰው ሲሆን አያት እንግዳ መሆኗ ቀርቶ ዋጋ ትሆናለች። «እናቴን ላምጣት?» የሚል ልጅ «ስንት ሊያስከፍለን?» የሚል መልስ ይሰማል። ሌላው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ለ250 ሰው ተዋውላችሁ 180 ቢመጣ የምትከፍሉት ለ250 ነው። ብዙ ሆቴሎች ከውጭ ምግብም ኬክም ማስገባት አይፈቅዱም፤ ወይም ያስከፍሉበታል። ይህ ከላይ ያነሣሁትን የእርድ ጉዳይ ያጠብቀዋል።

አዳራሹን ስታዩ በባዶው አትፍረዱ። ወንበር ተደርድሮ፣ መድረክ ተሠርቶ፣ መሐል ላይ መተላለፊያ ተትቶ ስንት ሰው ይይዛል ብላችሁ ጠይቁ። ምሰሶ ካለው ከምሰሶው ኋላ ቁጭ በሉና መድረኩ ይታይ እንደሆነ ሞክሩ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ አዳራሹን ጭምር ያበራል ወይስ እንግዳ መቀበያውን ብቻ? መኪና የት ይቆማል? ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሠላሳ መኪና ማቆም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ኮምቦልቻ

ልጆቹ ኮምቦልቻን ለምን እንደሚወዱ ይገባኛል። ሜዳማ ናት፤ ሞቃት ናት፤ አረንጓዴ ቦታ ያላቸው ሆቴሎች አሏት፤ ከወላጅ ዓይንም ትርቃለች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል። ፎቶው እውነትም ያምራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 300 እንግዳ ማለት አሥራ ሁለት ሰው በሚጭን ሚኒባስ 25 ሚኒባስ ነው። የራሱ መኪና ያለው ይቀነስ፤ ቢሆንም የትራንስፖርት ወጪው የአዳራሹን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። መንገዱም ሐረጎ ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ከባድ መኪና የሚበዛበት፣ ጉም ሲወርድበት አሽከርካሪው ፊቱን የማያይበት። ጠዋት መውረዱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ማታ መውጣቱ ነው። ኮምቦልቻ የተመረጠ ምረቃ ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ያበቃል፤ ዲጄ ይጨመራል፤ «ትንሽ እንቆይ» ይመጣል። ኮምቦልቻን ከመረጣችሁ ሁሉም መኪና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደ ደሴ ይነሣል የሚለው ከካርዱ ላይ ይታተም። የደም ግፊት ያለባቸውና የመኪና ጉዞ የሚያማቸው አዛውንቶች ደግሞ እንደማይመጡ ከወዲሁ እወቁ።

ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ «ደሴ ሄደን ትልቅ አዳራሽ እንያዝ» የሚል ሰው ከመካከላቸው አይጠፋም። ያው ሐረጎ፣ ያው ሒሳብ ነው፤ ብርዱ ሲጨመርበት። እዚያው ሁኑ። ብቻ ሙቀቱን አስቡ፤ እኩለ ቀን ላይ በሸራ ሥር ጋዎን ለብሶ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ዛፍ ጥላ ያለበት ግቢ ከሸራ ይሻላል።

የመንግሥትና የተቋም አዳራሾች፣ ሐይቅ

የከተማ አስተዳደር፣ የባህል ወይም የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከተገኘ ቦታው ሰፊ ነው፤ ኪራዩም ከሆቴል ሊያንስ ይችላል። ጥያቄው በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው የሚቀርበው፤ በወላጅ ትውውቅ አይሁን። አንድ አደጋ አለው፤ ድንገተኛ ስብሰባ ሲጠራ የእናንተ ቀጠሮ ሊገፋ ይችላል። የጽሑፍ ማረጋገጫ ካልያዛችሁ ካርድ አታሳትሙ።

ሐይቅ ዳር ይሁን የሚሉ ተማሪዎችም አሉ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለክፍል ሽርሽር ግሩም ቦታ ነው። ለምረቃ ግን አይሆንም። ውኃ፣ ጀልባና የተደሰተ ወጣት ባለበት ቦታ መምህር ተመራቂ ሲቆጥር ይውላል እንጂ አያስመርቅም።

ገንዘቡ እንዴት ይወሰን

በስብሰባ ላይ እጅ ይነሣ ከተባለ ሁሉም ሆቴል ይላል። «አቅም የለኝም» ብሎ በጎረቤት ፊት የሚናገር ሰው የለም። ከስብሰባው በኋላ ግን አንዱ ልጅ «አሞኛል» ይላል፤ ሌላዋ «አገር ቤት እንሄዳለን» ትላለች። ይህ ኀዘን ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ነው። ለስድሳ ልጅ የተከፋፈለ የአዳራሽ ኪራይ አሥር ልጅ ሲቀርበት በቀሩት ሃምሳ ላይ በአምስተኛ እጅ ይጨምራል።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊው መምህር ለእያንዳንዱ ቤት ስም የሌለበት ወረቀት በፖስታ ይላኩ፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ ይሁን፤ «ሳትቸገሩ የምትችሉት ስንት ነው?» ከመጡት መልሶች አማካዩን አትውሰዱ። ከታች ካሉት አቅራቢያ ያለውን ውሰዱና በዚያ ዋጋ የሚቻለውን ቦታ ምረጡ። የጅዳዋ አክስት ብር ይጠቅማል፤ ግን ለፎቶና ለቪዲዮ ባለሙያው፣ ወይም በዓሉን በስልክ በቀጥታ ለሚያስተላልፈው ይዋል። እሷም በሩቅ ሆና የምታየው እሱን ነው። አዳራሹ በአንድ ቤተሰብ ብር ሲያዝ የክቡር ቦታው ለማን እንደሚሆን ሳይነገር ይታወቃል፤ ቅሬታውም ከዚያ ይጀምራል።

ውሉን ትምህርት ቤቱ በማኅተሙ ይፈርም፤ አንድ ወላጅ በግሉ አይፈርም። ቀብድ ያለ ደረሰኝ አይከፈል። በውሉ ውስጥ የሰው ቁጥር፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የእርዱና የወጥ ቤቱ ሁኔታ፣ የጀነሬተሩ ጉዳይ ይጻፉ። አከራዩ ባይወደውም አንድ ነጥብ ላይ ጸንታችሁ ተደራደሩ፤ የብሔራዊ ፈተናው ቀን ከተለወጠ ቀብዱ ሳይቀነስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል የሚለው ላይ። ይህን የማይቀበል አከራይ ከሆነ ግቢው አለላችሁ፤ ድንኳን አከራዩን ደግሞ ቀን ስለ መለወጥ ቀድማችሁ ጠይቁት።